በሶአችንን ለማሸግ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት 2017፣ 1ኛ ሳምንት

አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ 40 ፍሬ በሶ ተመለሰብን። 11ዱ ተቀዷል፣ 6ቱ ነቀዝ ገብቶበታል፣ የቀረው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ባለሱቁ ከልብስ ሳሙና አጠገብ ደርድሮት ነበር። "እህቴ፣ በሶሽ ጥሩ ነው፤ የከዳሽ ልብሱ ነው" አለኝ። ተናድጄ ነበር፣ ግን እውነቱን ነው።

እስካሁን የምናሽገው በተራ ስስ ላስቲክ ነው። አፉን በመጋዝ ምላጭ ላይ አጥፈን በሻማ እሳት እያስኬድን እናጣብቀዋለን። በጠራራ ፀሐይ ያየነው እንደሆነ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል። ስንሸጥ የኖርነው ለጎረቤትና ለሰፈር ሱቅ ስለነበር በሳምንቱ ያልቅ ነበር፤ ችግሩ አልታየንም። ዕቃው 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሱቅ ውስጥ ሁለት ወር ሲቀመጥ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሠራተኞቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ እናቴና ወንድሜ። ቦታው ከቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል ነው። ገብሱን እናቴ ትመርጣለች፣ ታምሳለች፣ ትቆላለች፤ እዚያ ላይ ማንም አይገባባትም። እኔ የያዝኩት ማሸጊያውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሞከርነውንና ያወጣነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ

መርካቶ ሁለት ቀን ዋልኩ። የተማርኩት ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ተራው ላስቲክ ፒኢ ይባላል፣ እርጥበት በደንብ ይከለክላል፣ ሽታና አየር ግን ያሳልፋል። የሳሙናው ሽታ የገባው ቀዳዳ ስለነበረው ብቻ አይደለም፤ ላስቲኩን ራሱን አልፎ ነው። ሽታ የሚያግደው ፒኢቲ ነው፣ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት። ፒኢቲ ግን በቀላሉ ቀልጦ አይጣበቅም። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ሁለቱን በሙጫ ያዋህዷቸዋል፤ ከውጭ ስስ ፒኢቲ፣ ከውስጥ ወፈር ያለ ፒኢ። የውጩ ሽታ ያግዳል፣ ማተሚያም ይቀበላል፤ የውስጡ ይቀልጥና ያሽጋል።

ቡናማ ወረቀት የሚመስለው፣ መስኮትና ዚፕ ያለው ከረጢትም ውስጡ ላስቲክ ነው። ወረቀት ብቻውን በሶ አይጠብቅም። ያንን 300 ፍሬ በ22 ብር ገዛሁ፣ 6,600 ብር። ግንቦት 2016 ላይ ያንኑ ስጠይቅ 13 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተሰቅሏል። ከረጢቱም ከውጭ ነው፣ አገር ውስጥ የሚሠራውም ቢሆን የላስቲኩ ፍሬ የሚመጣው ከውጭ ነው። ገብሱ ከጓሯችን፣ ልብሱ በዶላር።

በእጅ ተጭኖ በሙቀት የሚያሽግ 30 ሴንቲ ሜትር ማሸጊያ ማሽንም በ3,800 ብር ገዛሁ።

ኅዳር፣ 1ኛና 2ኛ ሳምንት

ማሸጊያው አልሠራም ብዬ ልመልሰው ነበር። ከ50 ከረጢት 19ኙ አፉ ተከፈተ። ሙቀቱን ስጨምር ላስቲኩ ይኮማተራል፣ ስቀንስ በጣት ይላቀቃል።

ወንድሜ አንዱን ከረጢት በመቀስ ቀዶ የታሸገውን መስመር በመስኮቱ ብርሃን አየው። መስመሩ ውስጥ በሶ አለ። ዱቄቱ በጣም የደቀቀ ስለሆነ ስንቀዳው ከረጢቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ባዶ መስሎ የሚታየው የአፉ አካባቢ ስስ የዱቄት ሽፋን አለው። ላስቲክ ከላስቲክ ጋር ሳይሆን ላስቲክ ከዱቄት ጋር ነበር የምናጣብቀው። አሁን በበጋው አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ላስቲኩ እንደተፋተገ ፀጉር ይስባል፣ ዱቄትም ይስባል።

የሞከርነው በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው፣ ጭቃ ሆነ። ቀጥሎ አፉን ወደ ውጭ ቀልብሰን ቀዳን፣ ይሻላል ግን ጊዜ ይፈጃል፣ በሰዓት 25 ብቻ። በመጨረሻ ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ሄጄ አንገቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ መቅጃ አሠራሁ፣ 350 ብር። አንገቱ እስከ ከረጢቱ ወገብ ድረስ ይገባል፤ በሶው እታች ከተራገፈ በኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል። የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ አንድ ጊዜ ማበስ። ከ50 የተከፈተው 2 ሆነ። በ350 ብር ቆርቆሮ የተፈታውን ችግር በማሽን ላይ ስናላክክ ነበር።

መፈተሻችን ባልዲ ውሃ ነው። የታሸገውን ውሃ ውስጥ ከቶ በመዳፍ መጫን፤ አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለው። ከእያንዳንዱ 50 ውስጥ 3 እንፈትሻለን።

ኅዳር መጨረሻ

ጠዋት የታሸገውና ቀን የታሸገው ለየብቻ ሲፈተሽ ልዩነት አለው። የጠዋቱ ይላቀቃል። ውርጭ የወረደባቸው ቀናት ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጥነው ቴርሞሜትር 1 ሰዓት ላይ 5 ዲግሪ ያሳያል። ላስቲኩም የማሸጊያው ብረትም በረዶ ናቸው። አሁን ከ4 ሰዓት በፊት አናሽግም፣ መጀመሪያም 15 ባዶ ቁራጭ ላስቲክ አሽገን እናሞቀዋለን። ማታም ከ12 ሰዓት በኋላ አንሠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር መብራቱ ይደክምና ሙቀቱ ይወርዳል። የቀረን ደህና የሥራ ሰዓት በቀን 8 ነው።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት

ይሄን ስጽፍ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል። 86 ከረጢት ተበላሸ።

ከወፍጮ ቤት የመጣውን በሶ በዚያው ቀን አሸግነው። አዲስ አበባ አስቸኳይ ትእዛዝ ነበር። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ እጅ ሲገባበት ይሞቃል። ትኩሱን አሽገን ክፍሉ ውስጥ አሳደርነው። ሌሊቱ ውርጭ ነበር። ጠዋት በከረጢቱ መስኮት ላይ ከውስጥ በኩል የውሃ ጠብታ አየሁ። በሶው ላይ የነበረው እንፋሎት ከቀዝቃዛው ላስቲክ ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆኗል። "ይደርቃል" ብዬ ላክሁት። አልደረቀም፣ ከታሸገ ወዲያ የት ይሄዳል? በ12ኛው ቀን ባለሱቁ ፎቶ ላከልኝ፦ ከላይ ጓል ጓል የሆነ፣ አንዱ ጥግ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ።

ሁሉንም አስመለስኩ፣ ገንዘቡን መለስኩ። 86 ሲባዛ በ105፣ 9,030 ብር። ከረጢቱ ራሱ 1,892 ብር ነበር። ሻጋታ የነካውን ለከብት እንኳ አልሰጠነውም፤ ቀበርነው።

እናቴ ብዙ አልተናገረችም። "እኛ አቁማዳ ውስጥ ስንከት በሶው አድሮ ነበር የሚገባው" አለች። ሳድግ ያየሁት ነው፤ ከፍየል ቆዳ የሚሠራው አቁማዳ ይተነፍሳል፣ ትንሽ እርጥበት ቢኖር ያወጣዋል። ላስቲክ አይተነፍስም። ጥሩነቱም መጥፎነቱም እሱ ነው፦ የከተትክበትን እንዳለ ይይዛል፣ እርጥበቱንም ጨምሮ።

አዲሱ ደንብ፦ ከወፍጮ የመጣው ንጹሕ ሸራ ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ፣ ቀጭን ጨርቅ ለብሶ ያድራል። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ይታሸጋል። አስቸኳይ ትእዛዝ የሚባል ነገር የለም።

ጥር

ለጥምቀት 140 ፍሬ ተሸጠ፣ ደህና ወር ነው። ሸዋ ሮቢት ላለ ሱቅ 30 ላክን። ደውሎ "ተንፍሷል፣ አየሩ ወጥቷል፣ ጎደሎ ይመስላል" አለ። ቀዳዳ ነው ብዬ ደንግጬ ራሴ ወረድኩ። ባልዲ አስመጥቼ ፊቱ ፈተሽኩለት፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። ሚዛን ላይ ሲወጣም 500 ግራም ሙሉ ነው።

ነገሩ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 በታች። ጣርማ በርን አልፎ ሲወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፣ ከረጢቱ ውስጥ እኛ ጋ የታሸገው አየር ደግሞ ተጨምቆ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከረጢቱ ይጨማደዳል። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው ደግሞ በተቃራኒው ይነፋል፤ ሸዋ ሮቢት ያለች አንዲት ሽሮ የምታሽግ ወዳጄ ዕቃዋ ደብረ ሲና ሳይደርስ አፉ እንደሚፈነዳባት ስትነግረኝ ምክንያቱን ሁለታችንም አናውቅም ነበር። አሁን ሁለታችንም ከማሸጋችን በፊት ከረጢቱን በመዳፍ ተጭነን አየሩን እናስወጣለን። አየሩ ከወጣ የሚነፋ ነገር አይኖርም።

የካቲት፣ ሒሳብ

የአንድ ግማሽ ኪሎ ሒሳብ ይሄ ነው። አንድ ኩንታል ገብስ በ7,800 ገዝተን፣ ተሸክሽኮ፣ ተነፍቶ፣ ተቆልቶ 68 ኪሎ በሶ ይወጣዋል። ስለዚህ ለግማሽ ኪሎ የገብሱ ድርሻ 57 ብር። ማገዶ፣ ወፍጮና መብራት 14 ብር። ከረጢት 22 ብር። ድምሩ 93። ለሱቅ የምንሰጠው 105። የሦስት ሰው ጉልበት 12 ብር ነው። ከገብሱ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ከረጢቱ ነው፣ በሶው ተበልቶ የሚጣለው።

ስለዚህ በራሳችን ስም የታተመ ከረጢት ለማሠራት አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ፋብሪካ ሄድኩ። ሰዎቹ በትሕትና አስረዱኝ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የተቀረጸ ሲሊንደር ያስፈልጋል፣ አንዱ 14,000 ብር፤ 4 ቀለም ከሆነ 56,000። ፊልሙ፣ ማለትም ከረጢቱ የሚቆረጥበት ጥቅል ላስቲክ፣ በኪሎ 480 ብር። "ከ300 ኪሎ በታች ግን ማሽን አናስነሳም" አለኝ የሽያጭ ሠራተኛው፤ ቀለሙ እስኪስተካከል ብቻ ብዙ ሜትር ፊልም ይጣላል አለ።

ሻይ ቤት ተቀምጬ አሰላሁት። የእኛ ልክ 18 በ28 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አንዱ 9 ግራም ገደማ። 300 ኪሎ 33,000 ከረጢት ይወጣዋል። በወር 600 ብንሸጥ አራት ዓመት ከሰባት ወር ይበቃናል። ገንዘቡ 200,000 ብር ነው፣ ለአንዱ ከረጢት ግን 6 ብር ብቻ ይደርሰዋል። ትልቁ አምራች በ6 ብር የሚያለብሰውን እኔ በ22 አለብሳለሁ። እሱ የተሻለ በሶ ስላለው አይደለም፤ 33,000 ከረጢት በአንድ ጊዜ መግዛት ስለሚችል ነው።

ስለ ማሸጊያ ሥራ ሲወራ የሚነሳው የውጭ ምንዛሪና የማሽን እጥረት ነው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። እዚህ ከተማ ግን ያየሁት ችግር የመጠን ነው። ፋብሪካው ተተክሏል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ እኛም ገዥ ነን፤ በመካከላችን ያለው 300 ኪሎ ነው። ሽሮ የምታሽገውም፣ ቆሎ የምታሽገውም፣ በርበሬ የምታሽገውም ያችው 300 ኪሎ ላይ ትቆማለች።

መጋቢት

ሐሳቡ የመጣው ከወንድሜ ነው፦ ካልታተመስ? ሲሊንደር የሚያስፈልገው ለኅትመቱ ነው። ባዶ ነጭ ፊልም ሲሊንደር አይፈልግም፣ ባዶ ከሆነ ደግሞ ስም የለውም፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። ስሙን በተለጣፊ እያንዳንዳችን እንለጥፋለን።

አምስት ሆንን፦ እኛ፣ የሸዋ ሮቢቷ ባለ ሽሮ፣ ሁለት እዚሁ ደብረ ብርሃን ያሉ (አንዷ ሽሮ፣ አንዷ በርበሬ)፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ደግሞ ቆሎ የሚያሽጉ እናትና ልጅ። የተገናኘነው በወፍጮ ቤትና በሱቅ መደርደሪያ ላይ ስም በማየት ነው።

መስማማቱ ቀላል አልነበረም። ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ክርክሩ በግልጽና በነጭ ላይ ነበር። ባለ በርበሬዋ "ሰው ቀለሙን ሳያይ በርበሬ አይገዛም" አለች፣ ልክ ናት። ግልጹ ግን ብርሃን ያስገባል፣ በርበሬ መስኮት አጠገብ ሲሰነብት ይነጣል። በመጨረሻ ነጭ ሆነ፤ ለየሱቁ ደግሞ አንድ ትንሽ ግልጽ ናሙና እንሰጣለን። ልኩም ለሁሉም እኩል አልመጣም፤ ለመሐል ሜዳዎቹ 250 ግራም ቆሎ ከረጢቱ ይሰፋል። ተቀበሉት፣ ግን ተጎድተዋል፣ ይሄን መጻፍ አለብኝ።

ዋጋው፦ 300 ኪሎ በ430 ብር፣ 129,000። ፋብሪካው ሦስት ጎኑን አሽጎ ቆርጦ ለመስጠት ለአንዱ 80 ሳንቲም። ቅድሚያ ግማሽ ከፈልን።

ሚያዝያ

ትልቁ ስሕተታችን። ባለ ሽሮዎቹ ከረጢቱን የፈለጉት ለሁዳዴ ነበር፤ ሽሮ የሚሸጠው ያኔ ነው። ስብሰባችን ሲጎተት ጾሙ ገብቶ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው የላስቲክ ፍሬ አልገባልኝም ብሎ ሁለት ሳምንት አዘገየ፤ መንገዱም ለአራት ቀን ተዘጋ። ዕቃው ደብረ ብርሃን የገባው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። የሸዋ ሮቢቷ ጾሙን ሙሉ በ22 ብሩ ከረጢት ሠራች። ለሚቀጥለው ዓመት ትእዛዙ ኅዳር ላይ ይሰጣል።

ግንቦት

33,000 ጠብቀን 31,400 ደህና ከረጢት ቆጠርን፤ የቀረው የቆረጣ ብክነትና ጎኑ ያልተጣበቀ ነው። የአንዱ ዋጋ 4 ብር ከ95 ሳንቲም መጣ። የእኛ ድርሻ 6,000 ፍሬ፣ 29,700 ብር። ገሚሱን ከእድር ጓደኛ ተበደርኩ።

ተለጣፊው 2 ብር ከ40። ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አድራሻ አለበት። የመጀመሪያዎቹ 200 በማግሥቱ ጠርዛቸው ተነሳ። ሙጫው ቀዝቃዛ ላስቲክ አይወድም፤ ጠዋት ነበር የለጠፍነው። ከቀትር በኋላ፣ ከረጢቱ ባዶና ጠፍጣፋ ሳለ፣ በደረቅ ጨርቅ እየተጫንን ስንለጥፍ ያዘ። ቀኑን የምንመታበት ማኅተም ቀለሙ ይጠፋ ነበር፤ ተለጣፊው የወረቀት ስለሆነ እሱ ላይ መምታት ጀመርን።

ከረጢትና ተለጣፊ በድምሩ 7 ብር ከ35። ከ22 ወረደ። ለአንድ ፍሬ የሚተርፈን 12 ብር ወደ 26 ከፍ አለ።

ሐምሌ

ምክር ቤቱ በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስላጸደቀ ባለሱቆቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታልን ቀድሞም ከልክሎ ነበር፤ ገበያ ውስጥ ግን ሲሠራበት ኖሯል። የእኛ ከረጢት 82 ማይክሮን (0.082 ሚሊ ሜትር) ነው፣ ፌስታልም አይደለም። ቢሆንም ጥያቄው ትክክል ነው። ቆራሌው የውሃ ጠርሙስ ይገዛል፣ ጀሪካን ይገዛል፤ የእኛን ባዶ ከረጢት ግን አሳየሁት፣ አልወሰደውም። ሁለት ዓይነት ላስቲክ የተጣበቀ ስለሆነ አብሮ አይቀልጥም። ሽታ የሚያግድልኝ ነገር ራሱ ነው ቆሻሻ የሚያደርገው። መፍትሔ የለኝም። ለአሁኑ ገዥ ወደ ቤት የሚወስድበትን ፌስታል ትተናል፣ ሁለት ፍሬ ለሚገዛ በሲባጎ እናስርለታለን።

ካርቶን፦ አዲሱ 65 ብር፣ ከሱቅ የሚገዛው ያገለገለ 15። ያገለገለውን ሞከርን፤ በዝናብ አይሱዙ ላይ ከታች ያለው ረገበና ተጨፈለቀ። አሁን ከታች አዲስ፣ ከላይ ያገለገለ።

ነሐሴ፣ 3ኛ ሳምንት

ግንቦት ላይ ካሸግነው የመጀመሪያ ዙር 10 ከረጢት አስቀምጬ ነበር፦ 5ቱን እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ 5ቱን አዲስ አበባ እዚያው ባለሱቅ ጋ። ሳሙናው አጠገብ እንዲያደርጋቸው ለመንኩት።

ዛሬ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ከፈትን። ነቀዝ የለም፣ ጓል የለም። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣውን በመዳፏ ዘግና አሸተተችው፣ ከዚያ በውሃና በትንሽ ጨው በጠበጠችው። ቀምሳ ለወንድሜ አቀበለችው። "የታኅሣሡ ገብስ ነው፣ አይደል?" አለች። የሚያዝያ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሌላ ቅል አመጣች።

የቀረው 6 ከረጢት ጥቅምት ላይ ይከፈታል። 4,300 ባዶ ከረጢት አለን። የመሐል ሜዳዎቹ ለሚቀጥለው ትእዛዝ 14 በ20 የሆነ ትንሽ ልክ ከዚያው ፊልም እንዲቆረጥላቸው ጠይቀዋል፤ ፋብሪካው ይቻላል ብሏል፣ ዋጋውን ማክሰኞ ይነግረናል።